የኪራይ ጣውንት

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ክፍሌን ቀለም ሊያስቀምጡበት ነው። ቀለም! ሐጂ ሰይድ ጠዋት በሬ ላይ ቆመው ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና «ይቺ ክፍል ቀዝቃዛ ናት፤ ቀለም ሙቀት አይወድም» አሉ። እኔስ? እኔ ሙቀት እወዳለሁ? የሸዋ ሮቢትን ግንቦት የሚያውቅ ይፍረደኝ።

ሐጂ ከአውራ ጎዳናው ዳር የሕንፃ መሣሪያ መደብር አላቸው። እኔ ዲፕሎማዬን ይዤ ከኮሌጅ ከወጣሁ ጀምሮ የመደብሩ ኮምፒውተር ነኝ። ኮምፒውተር ላይ የምሠራ አላልኩም። ፕሮግራሙን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ገቢው፣ ወጪው፣ የደንበኛው ስም፣ የቀረው ዕቃ፣ ሁሉም። የሚኖረው ከኋላ ባለችው ክፍሌ፣ በአሮጌዋ ማሽን ውስጥ ነው። መብራት ሲጠፋ ባትሪው ይጮሃል፣ እኔ እሮጣለሁ። ሲመሽ በፍላሽ ገልብጬ ቤቴ ይዤው እገባለሁ። ሕፃን አዝሎ እንደመሄድ ነው።

ዛሬ ሜሮን የምትባል ልጅ ከአዲስ አበባ መጣች። ፕሮግራም ታከራያለች። እንደ ቤት፣ እንደ መኪና፣ በወር በወር እየተከፈለ። ፕሮግራሙ እዚህ አይቀመጥም፤ ሩቅ ቦታ ባለ ማሽን ውስጥ ሆኖ በኢንተርኔት ይታያል፣ በስልክም ጭምር። ቢበላሽ የሚያስተካክሉት እነሱ ናቸው። «ክላውድ ይባላል፤ ደመና ላይ እንደማለት ነው» አለች። ባንኮኒው ላይ የሚሸጠው ተስፋዬ «ደመናውን ካመጣችሁት አይቀር ዝናቡስ መቼ ነው?» አላት። ሳቀች። ጥርሷ ያምራል። ቀናሁ እንጂ አልታወርኩም።

ሐጂ ስልካቸው ላይ አይተው፣ አይተው «ማሻአላህ» አሉ። የኔን ፕሮግራም አንድም ቀን ማሻአላህ ብለውት አያውቁም።

«አንድ ሳምንት እንሞክራት። የዛሬ ሳምንት ሰኞ እወስናለሁ። ያንቺንም ነገር፣ ዘይነብ፣ ያኔ እንነጋገራለን።»

ያንቺንም ነገር! የምሸኝ ከሆነ የምሸኘው ሰኞ ነው ማለት ነው።

ያቺ ሲስተም ለእኔ ምኔ ናት እያልኩ ዋልኩ። ወደ ቤት ስገባ አገኘሁት። ጣውንቴ ናት። ባል ሳላገባ ጣውንት መጣችብኝ።


ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

ጣውንቴን ኩዬ የምድራት እኔው ሆንኩ። ቀኑን ሙሉ ከሜሮን ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠን የኔን ዕቃ ወደ እሷ ስናሻግር ዋልን። ሚስማር በየቁጥሩ፣ ፌሮ በየውፍረቱ፣ ቱቦ፣ ማጠፊያ፣ ሲሚንቶ። ቀጥሎ ደንበኞች፣ ከነስልካቸው። እኔ እያነበብኩ፣ ሜሮን እየመዘገበች።

ሜሮን ክፉ ብትሆን እንዴት ደስ ባለኝ። አይደለችም። «ይኼን ሁሉ ብቻሽን ነው የሠራሽው? ጎበዝ ነሽ እኮ!» አለችኝ። እንዲህ የሚመሰገነው ሊሸኝ የደረሰ ሰው ነው። ሐጂ ደግሞ በመሀል ብቅ ብለው «ልጄ፣ ምሳ በልተሻል?» አሏት። ልጄ እኮ እኔ ነበርኩ።

የሚያቃጥለኝን ልዘርዝረው፣ ቢወጣልኝ፦

መብራት ሲጠፋ አትጮህም።

ሐጂ ቤታቸው ምንጣፍ ላይ ጋደም ብለው ያዩዋታል። እኔን ለማየት ግቢውን ማቋረጥ ነበረባቸው።

አማርኛዋ ከኔ ፕሮግራም አማርኛ ይሻላል። (ይኼን ለማንም አልናገርም።)

ተስፋዬ «ዘይነብ! ባለ ስድስት ሚስማር አለ?» ብሎ መጮህ ትቷል። ስልኩን ነካ ያደርግና «አለ» ይላል።

ዛሬ በሬን ያንኳኳ ሰው የለም። ከሁሉም የባሰኝ ይኼ ነው። ጩኸታቸው ሲያማርረኝ ኖሮ ዛሬ ጆሮዬን ወደ በሩ አድርጌ ዋልኩ።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሌላ ተአምር አሳየችን። ዕቃ ሲጫን ሲስተሟ ራሷ ለደንበኛው ስልክ መልእክት ትልካለች። እስካሁን የምደውለው እኔ ነበርኩ። የትኛው ቤት ምን እንደሚባል፣ የትኛው ቤት ምን እንደማይባል አውቃለሁ። ለምሳሌ ጋሽ ይማም። የሽንኩርትና የማሾ ገበሬ ናቸው፤ ሁለት ቤት አላቸው። ትልቋ ሚስታቸው እትዬ ሉባባ ቀወት ገጠር ናቸው፤ ትንሿ ጀውሃ፣ መንገድ ዳር። እኛ ጋ የተመዘገበው ስልክ የሚውለው እትዬ ሉባባ እጅ ነው። ስለዚህ ስደውል ዕቃ የሚባል ነገር አላነሳም። «ሐጂ ሰላም ብለዋል፤ ሲመቻቸው ብቅ ይበሉ» ብቻ። ለአንዱ ቤት የተገዛ ሌላው ቤት ውስጥ በኛ አፍ አይወራም። ይኼን ማንም አላስተማረኝም፤ እዚህ ያደገ ሰው ያውቀዋል።

ሜሮን ጠየቀችኝ። «መልእክት እንዳይላክለት የምትፈልጊው ደንበኛ አለ? እዚህች ጋ ምልክቷን ማጥፋት ብቻ ነው።»

ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል። አዋሰችኝ።

«የለም» አልኩ።


ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ኔትወርክ ጠፋ! ገና ከጠዋቱ። ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ ክፍሌን ጠረግሁ፣ አሮጌዋን ማሽን አበራሁ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ ተቀመጥኩ። አሁን እንተያያለን አልኩ።

ማንም አልመጣም። ተስፋዬ በስልኩ መሸጡን ቀጠለ። ለካ ኔትወርክ ሲጠፋ የተሸጠውን ይዛ ትቆያለች፣ ሲመለስ ትልካለች። እኩለ ቀን ላይ ተመለሰ። የጎደለ ነገር ይኖራል ብዬ አጣራሁ። የለም። እንደገና አጣራሁ። የለም።

የመጀመሪያዎቹ የቀለም ባልዲዎች ክፍሌ ገቡ። ወንበሬን ወደ ግድግዳው ጠጋ አደረግሁት።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ። ውሸት ነው። ሐጂ ደምቀው ነው የዋሉት።


ሐሙስ፣ ግንቦት 7

ጋሽ ይማም ባለፈው ሳምንት ያዘዙት ቆርቆሮ ዛሬ ተጫነ። ባለ ቀለም፣ አረንጓዴ፣ ወፍራሙ። ክረምት ሳይገባ የጀውሃዋን ቤት ሊያለብሱበት ነው።

ተስፋዬ ስልኩ ላይ «ተጭኗል» የሚለውን ሲነካ ከጀርባው ቆሜ ነበር። ጋሽ ይማም የሚል ስም ከላይ ይታያል። ከስሩ ያቺ ምልክት። አንድ ጣት ነበር የሚበቃው። እጆቼን ሻርፔ ውስጥ ከተትኳቸው።

«ውድ ደንበኛችን ይማም፣ ያዘዙት ባለ ቀለም ቆርቆሮ ተጭኖ ወደ ጀውሃ ጉዞ ጀምሯል። ስለመረጡን እናመሰግናለን።»

እናመሰግናለን ማለቷ! ምኑን አውቃ ነው የምታመሰግነው?

መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ እውነቱን ለመናገር በጣም ደስ አለኝ። እትዬ ሉባባ መጥተው መደብሩን ሲያናውጡት፣ ሐጂ ስልካቸውን ወርውረው «ይቺን ሸይጣን ውሰጂልኝ» ሲሏት፣ ሜሮን ሻንጣዋን ይዛ መኪና ስትጠብቅ፣ ሁሉም ታየኝ። ቀለሙም ከክፍሌ ሲወጣ ታየኝ።

ቤት ገብቼ ነው የዞረብኝ። ጋሽ ይማም ምን አደረጉኝ? ማሾ ባመረቱ ቁጥር ለእናቴ ብለው ቋጥረው የሚያመጡልኝ ሰው ናቸው። እትዬ ሉባባስ ምን አደረጉኝ? ትዳር ቢፈርስስ? መግሪብ ስሰግድ ሐሳቤ አልሰበሰብ አለኝ። አስተግፊሩላህ።


ዓርብ፣ ግንቦት 8

መጡ። ጁምዓ ሳይደርስ ባጃጅ በሩ ላይ ቆመ፤ ድምፃቸው ከባጃጁ ቀድሞ ገባ። እኔ ከቀለም ባልዲዎቹ መሀል ነበርኩ። እዚያው ብደበቅ ደስ ባለኝ፤ እግሬ ግን አወጣኝ።

«እትዬ ሉባባ፣ ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም! ሐጂን ጥሩልኝ! ይኼን የላከችብኝ ማናት?»

ስልኩን በመሐረብ ጠቅልለው ነው ያመጡት። ልጃቸው ትናንት ማታ አንብባላቸዋለች። ሐጂ ውዱእ ሲያደርጉ ሰምተው ክንዳቸው ውሃ እያንጠባጠበ መጡ። መልእክቱን አነበቡ። ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ሉባባ፣ ረጋ በይ። ማሽን ነው፤ ስህተት ሊሆን ይችላል። ጀውሃ የሚለው ደግሞ...»

«ጀውሃ ቤት መኖሩን የማላውቅ መሰልዎት እንዴ ሐጂ? ኒካሑ ላይ ወጥ የሠራሁት እኔ ነኝ! ጀውሃን አውቃለሁ። ወላሂ፣ ያላወቅሁት ባለ ቀለሙን ነው!»

ሲሚንቶ የሚሸከሙት ሰዎች እንኳ ቆሙ።

«የኔ ጣሪያ ዝጎ ወንፊት ሆኗል። ዝናብ በመጣ ቁጥር ሳፋ ደርድሬ፣ በሳፋው መሀል ተጣጥፌ ነው የምተኛ። ይማምን ስጠይቀው ዘንድሮ ማሾው አልያዘም፣ ለከርሞ ነው የሚለኝ። ለካ ማሾው ለጀውሃ ይዟል!»

አንዱ ተሸካሚ ሳቁን መያዝ አቅቶት ወደ ውጭ ወጣ። እኔ አልሳቅኩም። ቤታቸው ይፈርሳል ብዬ ስፈራላቸው ያደርኩት ሴትዮ ለካ የሚጠይቁት ጣሪያ ነው።

ጋሽ ይማም ገበያ ላይ ሰምተው ደረሱ። ገብተው እትዬ ሉባባን ሲያዩ ኮፍያቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉት። ጁምዓ ተሰግዶ ሲያበቃ ሦስቱም ሲሚንቶ ላይ ተቀመጡ። ሐጂ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ፣ እኔ ግን ሰማሁ።

«ይማም፣ ሁለት ቤት ያቆመ ሰው ማስተካከል አለበት። ይኼን እኔ አይደለሁም የምነግርህ።»

«ሐቅ ነው» አሉ ጋሽ ይማም፣ መሬት መሬት እያዩ።

«ባለ ቀለም» አሉ እትዬ ሉባባ። «ወፍራሙን። ውሃ መውረጃው ጭምር። ጀውሃ አለው አይደል?»

«አለው» አሉ ጋሽ ይማም፤ ድምፃቸው አይሰማም።

አለቀ። ማንም እኔን ምንም አልጠየቀኝም። ሜሮን ግን ደንግጣ ቆማ ነበር። «ሐጂ፣ የኔ ጥፋት ነው። እንዲህ ያለውን አስቀድሜ ማጣራት ነበረብኝ» አለች። ጠይቃኝ ነበር እኮ! ጠይቃኝ፣ የለም ብያታለሁ። ዞር ብላ አየችኝ። ሁለት ቃል ብትናገር እኔ አልቄ ነበር። አልተናገረችም።

እጠላት ዘንድ ትንሽ እንኳ አትረዳኝም።


ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

ጉድጓድ ቆፈርኩላት፣ ውሃ ወጣበት!

ሐጂ ለገባ ለወጣው እየነገሩ ነው። «አንዲት መልእክት ላከች፣ ሁለት ጣሪያ ሸጠች!» ይላሉ። ሳቃቸው መንገዱ ማዶ ድረስ ይሰማል። ተስፋዬ ደግሞ ጨምሮበት «ለሁለቱም ቤት ጣሪያ የምታለብስ ሲስተም» ይላታል። ቅናት እንዲህ ያለ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር። እኔ ስደውል፣ ስጠነቀቅ፣ የሰው ገመና ስሸፍን የኖርኩት አንድ ቆርቆሮ አላሸጠም። እሷ ገመና ገልጣ ተመሰገነች።

እትዬ ሉባባ ቀለም ሊመርጡ መጡ። «እንደ ጀውሃው አረንጓዴ ይሁንልዎ?» ብላቸው ተቆጡኝ።

«እሷ የመረጠችውን ልልበስ? ቀይ! ከአስፋልቱ ሆኖ የሚታይ ቀይ!»

ሙቀቱ ሲበረታባቸው ክፍሌ ገብተው ባልዲ ላይ ተቀመጡ። እውነትም ቀዝቃዛ ናት አሉ። ውሃ ሰጠኋቸው። ጠጡና ፊቴን አዩት።

«ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የጠቆርሽ?»

ለምን እንደነገርኳቸው አላውቅም። ስለ ፕሮግራሜ፣ ስለ ክፍሌ፣ ስለ ሰኞ፣ በኪራይ ስለመጣችው። ምልክቷን አለማጥፋቴን ብቻ ዋጥ አደረግሁ። አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ።

«እህ» አሉ። «ጣውንት መጥታብሻላ!»

ቃሉን እኔ አላነሳሁም፤ ወላሂ አላነሳሁም።

«ስሚ ልጄ። እኔ መጀመሪያ ላይ ትሂድልኝ እያልኩ ዱዓ አደርግ ነበር። አትሄድም። ጣውንት በዱዓ አትሄድም። አኩርፌም አየሁት፣ ኩርፊያዬን ማንም ሳያይልኝ ቀረ። ዝም ብዬ የኖርኩበት ነው ይኼ ሁሉ ሳፋ። አንቺ እሷን እናባር አትበይ። ድርሻሽን ጠይቂ። በስሙ ጠርተሽ፣ ይኼና ይኼ ብለሽ።»

ተነስተው ሊወጡ ሲሉ የግድግዳውን ቅዝቃዜ አንድ ጊዜ ነካ አደረጉ።


እሑድ፣ ግንቦት 10

ልብስ አጠብኩ። ነገ ለሐጂ የምለውን ለሳሙናው ነገርኩት። ሳሙናው ተስማምቷል።


ሰኞ፣ ግንቦት 11

ሳይናገሩ ቀደምኳቸው። ገና ከመግባታቸው፣ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳልጨርስ።

«ሐጂ፣ እሷ ትቆይ። እኔ ግን ድርሻዬን እፈልጋለሁ።»

«ማናት እሷ?»

«ሲስተሟ።»

ሙስበሃቸውን፣ መቁጠሪያቸውን፣ ከኪሳቸው አወጡ። ያንን የሚያወጡት ሲያስቡ ነው። አንደበቴ ሳይታሰር ቀጠልኩ። ክፍሌ የኔ ይሁን። ለደንበኛ የሚሄድ መልእክት መጀመሪያ እኔ ዘንድ ይለፍ። የሲስተሟ ዋና የይለፍ ቃል እኔ ዘንድ ይሁን፤ ሰው የሚያስገባውና የሚያስወጣው፣ ምልክት የሚያበራውና የሚያጠፋው። ይኼና ይኼ ብዬ፣ በስሙ ጠርቼ።

ከዚያ ያልጠበቅሁት መጣ።

«የይማም ስልክ ማን እጅ እንደሚውል ታውቂያለሽ አይደል?»

«አውቃለሁ።»

«ማክሰኞ ያቺ ልጅ ስትጠይቅሽ በሩ ላይ ነበርኩ። የለም ስትያት ሰምቻለሁ። ያኔ አልገባኝም፤ ዓርብ ገባኝ። ለምን?»

«ቀናሁ።»

መቁጠሪያው ቆመ። ይስቃሉ ብዬ ነበር። አልሳቁም።

«ቅናትሽ ለሉባባ ጣሪያ ሆናት። ለሌላ ሰው ቢሆን ቤት ታፈርስ ነበር።»

«አዎ ሐጂ።»

«ሁለተኛ እንዳይለምድሽ።»

«አይለምደኝም።»

አሁን ነው የሚያሰናብቱኝ ብዬ ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ። እሳቸው ግን ተነስተው በሩን ዘጉት። ያንን በር ዘግተው አያውቁም።

ነገሩ ሰደቃ ነው። ሐጂ በየጊዜው ለተቸገረ ሰው ቤት ሲሚንቶና ቆርቆሮ ይልካሉ፤ ተቀባዩ የማን እጅ እንደሆነ ሳያውቅ። እኔም አላውቅም ነበር! በኔ ፕሮግራም ላይ «ተበላሸ» ብለሽ ጻፊ ይሉኝ ነበር፣ እጽፍ ነበር። ሲሚንቶ ረጠበ፣ ቆርቆሮ ተቀደደ። የመደብሩን ሁሉ አውቃለሁ እያልኩ ስኮራ የኖርኩት ሴት! አዲሷ ግን ተበላሸ ሲሏት ፎቶ ትጠይቃለች። የተቀበለውን ሰው ስልክ ትጠይቃለች። ከዚያም ታመሰግናለች።

«ታዲያ እንዴት ይወጣል ዕቃው?» አሉኝ። «ምንዳው እኮ ያለው በመሸፈኑ ነው።»

«በርስዎ ቤት ስም ይወጣል፣ መልእክቱን አጠፋለሁ። የሚያደርሰውን ሰው እኔው እነግረዋለሁ። ቁልፉን ብቻ ይስጡኝ።»

ሜሮንን ጠርተው ዋናውን የይለፍ ቃል አሰጡኝ። ሜሮን ሳትጠየቅ ሁለት ጊዜ አሳየችኝ። ከዚያ ሻንጣዋን ይዛ ወደ ጎዳናው ስትወጣ ሸኘኋት። ስለ ማክሰኞው ይቅርታ ልላት አፌን ከፈትኩ፤ ቀደመችኝና «እኔም ብሆን እንዲያ አደርግ ነበር» አለችኝ። አይመስለኝም። ግን ደግ ናት። ይኼንን መጻፍ ደስ ባይለኝም ጻፍኩት።

ክፍሌን በተመለከተ ሐጂ ብይን ሰጡ። እኩል። ግማሹ ለቀለም፣ ግማሹ ለኔ። ስለ ሥራዬ ደግሞ «የት ትሄጃለሽ?» አሉ፤ አልጨመሩበትም። ወንበሬን ከግድግዳው አራቅሁት። ክፍሉ ቀለም ቀለም ይሸታል፤ ራሴን ትንሽ ያመኛል። ተስፋዬ ዛሬም ሚስማሩን ከስልኩ ነው የጠየቀው፤ ዛሬም ቀናሁ። አልጠፋልኝም። ጠፋ ብዬ አልዋሽም።

ከመውጣቴ በፊት ሐጂ የመጀመሪያውን ቆርቆሮ የሚቀበለውን ሰው ስም ነገሩኝ። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ በጆሮዬ። በየቀኑ ሰላም የምለው ሰው ነው፤ ጣሪያው እንደሚያፈስ በዓይኑ እንኳ አሳውቆኝ አያውቅም።

ጣውንቴ ስሙን አታውቀውም። እዚህም አልጽፈውም።